ከማርሴይ የመጣው የሬዲዮ ማጉያ

ቡርጅ ሃሙድ፣ ቤይሩት
ሴፕቴምበር 18 ቀን 1988 እ.ኤ.አ.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ አራክሲ፤

ከርቀት ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ። ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ እንቅልፍዎ እንዴት ነው? እኔም፣ ባለቤቴ ማክሩሂም፣ እናቴም ሦስታችንም አለን። እናቴ «አራክሲን ጉንጯን ሳምልኝ» ብላኛለች። በደብዳቤ እንዴት እንደሚሳም ብጠይቃት «አስተማሪ አይደለህ? እወቅበት» አለችኝ። እንግዲህ እንደተሳሙ ይቁጠሩልኝ።

ማጉያው ደረሰ! ከቆጵሮስ ከላርናካ በመርከብ ጁኒየህ ወደብ፣ ከጁኒየህ በአትክልት መኪና እኛ በር ድረስ መጣ። ሣጥኑ ለብቻ፣ ከባዱ ትራንስፎርመር ለብቻ መታሸጉ በጀ እንጂ ደረጃው ላይ የአንዳችን ወገብ ይቀር ነበር። ወደቡ ላይ የቆመው ፈታሽ «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። «የሬዲዮ ማጉያ ነው።» «ምን ያጎላል?» «ድምፅ።» ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝና «እዚህ አገር የጎደለን ድምፅ ነው?» ብሎ ማኅተሙን መታልኝ።

አክስቴ፣ ይህን ዕቃ ለእኔ ሲሰጡ ምን እንደሰጡኝ አውቃለሁ። ነፍሱን ይማረውና ባለቤትዎ ጋሽ ካርኒግ ዕድሜውን ሙሉ በመርከብ ላይ በሬዲዮ ሠራ፤ ጡረታ ከወጣ በኋላም ከዚሁ ማጉያ ፊት አልተነሳም። እርስዎ ወደ ትንሽ ቤት ሊዛወሩ ሲሉ ለማንም ሸጠው ሊገላገሉት ሲችሉ «ለአጎቴ ልጅ ልጅ» ብለው ወደ ቤይሩት ላኩት። ይህን የሚያህል ስጦታ ከማንም አግኝቼ አላውቅም።

አሁን ጥያቄዬን ልጠይቅ። ባለፈው ዓመት ከቆጵሮስ ያስመጣሁት የሩቅ መነጋገሪያ ሬዲዮ አዲስና ጥሩ ነው፤ ግን ድምፁ ገበያ መሃል እንደሚናገር ጨዋ ሰው ነው፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ከማጉያው ጋር ላገናኘው ቸኩያለሁ። በማጉያው ጀርባ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ጋሽ ካርኒግ በእጁ «መቀስቀሻ» ብሎ ጽፎባታል። በሬዲዮዬ ጀርባም ተመሳሳይ ቀዳዳ አለ። የምናገርበትን ቁልፍ ስጫን ማጉያውን «ተነስ፣ ልናገር ነው» የሚለው ይህ ሽቦ መሆኑ ይገባኛል። ታዲያ ሁለቱን በአንድ ሽቦ ማገናኘት ብቻ ይበቃል?

ሌላው ጥያቄ የእናቴ ነው። ከታናሽ እህትዎ ከሲራኑሽ ደብዳቤ ይደርስዎታል? እናቴ ሁለታችሁንም በልጅነታችሁ እዚህ ሰፈር እጃችሁን ይዛ እንዳሳደገቻችሁ ይታወቃል። ሲራኑሽ ከባሏ ከአቬዲስ ጋር በ1947 እ.ኤ.አ. ከማርሴይ በመርከብ ወደ ሶቪየት አርሜኒያ ከሄደች ወዲህ ስሟን ሳታነሳ የዋለችበት ቀን የለም።

አክባሪዎ
ንሻን


ማርሴይ
ኦክቶበር 20 ቀን 1988

ልጄ ንሻን፤

እግዚአብሔር አንተን ከነቤተሰብህ፣ ቤትህንም ከነጣሪያውና ከነመስኮቱ ይጠብቅልህ። ሰላምታዬን አሳጠርኩ፤ ምክንያቱም ቸኩያለሁ፦

እንዳታገናኝ!

አገናኝተኸው ከሆነ ቀሪውን አታንብበው፤ ቁጭ ብለህ አልቅስ። አላገናኘኸው ከሆነ ደግሞ ስማኝ። ካርኒግ የመጨረሻውን አዲስ ሬዲዮ የገዛ ዕለት በደስታ እንደ ሕፃን ሆኖ፣ አንተ ያልከውን ያንኑ አንድ ሽቦ ሰካ። ቁልፉን ተጫነ። ሬዲዮው ውስጥ «ጢቅ» አለ። ሌላ ነገር የለም፤ ጭስም የለም፣ ብልጭታም የለም፤ «ጢቅ» ብቻ። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። «አራክሲ፣ ሰማሽው?» አለኝ። «ሰማሁት።» «ያ የሰማሽው እስከ ገና ድረስ ያጠራቀምኩት ነው» አለ። እንዲያ ሲስቅ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም፤ ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኔ ማጉያ የድሮ ሰው ነው። በዚያ «መቀስቀሻ» ባልከው ቀዳዳ ውስጥ ከመቶ ቮልት በላይ ተቀምጧል። የድሮዎቹ ሬዲዮዎች ውስጣቸው ወፍራም ማብሪያ ስለነበር ይችሉታል። የዛሬዎቹ ግን ውስጣቸው ያለው ማብሪያ ከምስር ፍሬ አይበልጥም፤ የተሠራውም ለአሥራ ሁለት ቮልት ነው። መቶውን ሲያገኘው ሊሞት ይችላል፤ የካርኒግም ሞተ።

ስለዚህ መሃል ላይ አስታራቂ ታስገባለህ። ሪሌ የሚሉት፣ በኤሌክትሪክ የሚሳብ ትንሽ ማብሪያ አለ። በአሥራ ሁለት ቮልት የሚሳብ፣ ብዙ ኃይል የማይበላ ትንሹን ፈልግ። ሬዲዮህ ሪሌውን ብቻ ይሳበው፤ ማጉያውን ደግሞ ሪሌው ይቀስቅሰው። እንዲህ ሲሆን ሁለቱ ፊት ለፊት አይተያዩም። የሪሌው የሽቦ ጥቅል ላይ ዳዮድ፣ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን፣ አቅጣጫውን በጥንቃቄ አይተህ በይድ፤ ሪሌው ሲለቀቅ ወደ ኋላ የሚወረውራትን ምት ዳዮዱ ይውጣታል። ሁሉንም በብረት ሣጥን ክተተው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሣጥኖቹን ሁሉ ከመሬት ጋር በወፍራም ሽቦ እሰራቸው። የማጉያውን ክዳን ልትከፍት ከሆነ ደግሞ ሶኬቱን ነቅለህም ቢሆን ታገሥ። ጠፍቶ እንኳን ሰው የሚገድል ኃይል በውስጡ ይቆያል። ካርኒግ ግራ እጁን ኪሱ ሳይከት ክዳኑን ነክቶት አያውቅም። አንተም ክተት። ማክሩሂ ትቆጣጠርህ፤ ነግሬሃለሁ።

ሪሌውን እኔው አግኝቼልሃለሁ። በመርከብ ዕቃ ሲፈትሹ እንዳያስቸግሩህ በሳሙና ካርቶን ውስጥ አድርጌ ለሚመጣ ሰው እሰጠዋለሁ። ሳሙናውን ለእናትህ ስጣት፤ የወይራ ነው፣ ቆዳዋን ያለሰልስላታል።

የጠየቅኸኝን ሁሉ የመለስኩልህ ይመስለኛል።

አክስትህ አራክሲ


ቡርጅ ሃሙድ
ኖቬምበር 24 ቀን 1988

ለተከበሩ አክስቴ፤

ደብዳቤዎ ወር ዞሮ ትናንት ደረሰኝ። በጤናና በቸርነት ያቆይልኝ፤ ባይደርሰኝ ኖሮ ዛሬ ጠዋት ላገናኘው ሽቦውን ቆርጬ ጨርሼ ነበር! እናቴ ይህን ስትሰማ «አራክሲ ድሮም ልጅ ከእሳት ስታወጣ ጮኻ ነው» አለች። እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ ጮኸው ደረሱልኝ።

እንዳሉት አደረግሁ። ሬዲዮዬን አርቄ አስቀምጬ፣ ማጉያውን ብቻውን አብርቼ በመለኪያ ያን ቀዳዳ ለካሁት። መርፌው ከመቶ አልፎ ሄደ። ማክሩሂ አጠገቤ ቆማ «እጅህ ኪስህ ውስጥ ነው?» ትለኝ ነበር። ኪሴ ውስጥ ነበር።

የብረት ሣጥኑን ከብስኩት ቆርቆሮ ሠራሁት። ሽቦው ገብቷል፣ ዳዮዱ ተበይዷል፣ የሪሌው ቦታ ባዶ ሆኖ ይጠብቃል። የሳሙናው ካርቶን ግን እስካሁን አልመጣም። መርከቡ በየሳምንቱ መምጣት ትቷል፤ የጦርነቱን ነገር እዚያም በዜና ሳትሰሙ አትቀሩም። ለእኛ አይስጉ። የእናቴን አልጋ ከመስኮቱ አርቀን ወደ ኮሪደሩ አዙረነዋል፤ እዚያ ይሞቃታል።

አክስቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ «የጠየቅኸኝን ሁሉ መልሻለሁ» ብለዋል። ሁለት ነገር ነበር የጠየቅሁዎት። እናቴ ደብዳቤውን ሁለቴ አስነብባኝ ስታበቃ «ስለ ሲራኑሽስ?» አለችኝ። «ረስተውት ይሆናል» አልኳት። «አራክሲ ምንም አትረሳም» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ።

ንሻን


ማርሴይ
ዲሴምበር 9 ቀን 1988

ንሻን፤

ዛሬ ሰላምታ የምጽፍበት አንጀት የለኝም። ስለ አርሜኒያው መሬት መንቀጥቀጥ ሰምታችኋል። እዚህ ቤተ ክርስቲያኑ በሰው ተሞልቷል፤ ሌኒናካን የሚባል ከተማ የለም እያሉ ነው። ሲራኑሽ ሌኒናካን ናት።

አልረሳሁም። እናትህ እውነቷን ነው። ሲራኑሽ ስትሄድ አቬዲስን አልወደድኩትም ነበር። ሕልመኛ ነው፣ እህቴን ይዞብኝ ይጠፋል አልኩ፤ ወደቡ ላይም ፊት ለፊቱ አልኩት። እሱ ባርኔጣውን አውልቆ ተሰናበተኝ። ከዚያ ዓመታት ተጻጻፍን፤ ከዚያ ደግሞ ቀረ። ማን እንዳቆመው አላውቅም። እኔ የምትጽፈው እሷ ናት እያልኩ ጠበቅሁ፤ እሷም እንደዚያው ስትል ይሆናል። እንዲህ ብለን አርጅተናል።

የካርኒግ ጓደኛ ሉሲየን በሬዲዮው ከትናንት ጀምሮ እየጠራህ ነው። ሰማዩ በጥሪ ተጨናንቋል፤ ወይ አልሰማኸውም፣ ወይ መልስህ ተውጦ ቀርቷል። ስለዚህ ነገ ወደ ቆጵሮስ በሚበር ሐኪም እጅ ይህን ወረቀት እልክልሃለሁ። አንተ ከኛ ይልቅ ለእነሱ ትቀርባለህ። ሲራኑሽ አቬዲስያን፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ። ፈልግልኝ።

ሪሌው ባይደርስህም ግን ቀጥታ እንዳታገናኝ። እለምንሃለሁ። ያ ሬዲዮ ከተቃጠለ የምጠይቀው ሌላ ሰው የለኝም።

አራክሲ


ቡርጅ ሃሙድ
ዲሴምበር 22 ቀን 1988

ለውድ አክስቴ ለአራክሲ፤

እግዚአብሔር በምሕረቱ ያስበን፤ አስቦናልም። ዋናውን ነገር ሉሲየን ቤትዎ ድረስ ሄዶ እንደነገረዎት አውቃለሁ። የርስዎ ደብዳቤ የደረሰኝ ከዚያ በኋላ ነው። ቢሆንም ነገሩ እንዴት እንደሆነ ከራሴ ይስሙት ብዬ እጽፋለሁ።

ወሬው የመጣ ዕለት ከትምህርት ቤት ስመለስ ደረጃው በጎረቤት ሞልቶ አገኘሁት። ሬዲዮ ያለኝ እኔ መሆኔን ሁሉም ያውቃል። ከፈትኩት። ብዙ ሳልፈልግ አንድ ቀጭን ድምፅ ያዝኩ፤ ሄንሪክ የሚባል የሌኒናካን ሰው ነው። ሬዲዮውን ከመኪና ባትሪ ጋር አያይዞ፣ ሜዳ ላይ ቁጭ ብሎ፣ በሕይወት ያሉ ሰዎችን ስም ያነባል። ስም፣ ሰፈር፣ ዘመድ ያለበት አገር። ያነብና «የሚሰማኝ አለ?» ይላል። እኔ ቅርብ ስለሆንኩ እሰማዋለሁ፤ እሱም ይሰማኛል። አውሮፓ ግን አይሰማውም። እኔ ስሞቹን ተቀብዬ ወደ አውሮፓ ስጠራ ደግሞ የኔም ድምፅ በሌሎች ጥሪ ተረግጦ ይቀራል። እንደዚያ ሆነን ሁለት ቀን ዋልን። ስሞቹ እጄ ላይ ናቸው፤ የሚቀበለኝ የለም።

ማጉያው ጠረጴዛው ላይ አፍጥጦ ያየኛል። ማክሩሂ «የቀረህ አንድ ሽቦ ነው አይደል?» አለችኝ። አንድ ሽቦ ነው። አንስቼ ያዝኩት፤ ጫፉን ከቀዳዳው አፍ አደረስኩት። አልዋሽዎትም፣ ልሰካው ነበር። የጋሽ ካርኒግ «ጢቅ» ጆሮዬ ላይ መጣ። ይሄ ሬዲዮ ቢሞት ሄንሪክን የሚሰማው ሰው ማን ነው? ሽቦውን አስቀምጬ እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ከታች ያለው ወርቅ ሠሪው ጋርቢስ ሌኒናካን ስላለው የሚስቱ ወንድም ሊጠይቅ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር።

«ምንድን ነው የሚጎድልህ?» አለኝ።

«ትንሽ ሪሌ። በአሥራ ሁለት ቮልት የምትሳብ። የትም የለችም፤ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው።»

«የሌባ ማስደንገጫ ውስጥ አይኖርም?»

«ይኖራል እንጂ!»

ሄደ። ብዙም ሳይቆይ የሱቁን ማስደንገጫ ከነግድግዳው ልጣጭ ነቅሎ ይዞልኝ መጣ።

«ጋርቢስ፣ ሱቅህ ወርቅ ነው እኮ ያለበት! ሌባ ቢገባስ?»

«የሰፈሩ ሌባ ያንተ ደረጃ ላይ ቆሟል» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፤ «እሱም አክስቱን እየፈለገ ነው።» ደረጃው ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ። ከሰሞኑ ሰው ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው።

ሪሌዋን ከውስጡ አወጣሁ፤ ከምስማር ራስ ብዙ አትበልጥም። በብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ በየድኳት። ሁሉን አጥፍቼ፣ ሣጥኖቹን ከመሬት ጋር አስሬ፣ በመጀመሪያ ሬዲዮውንና ቆርቆሮውን ብቻ ሞከርኩ። ቁልፉን ስጫን ሪሌዋ «ጠቅ» ትላለች፤ ስለቅ «ጠቅ» ትላለች። ሬዲዮው ደህና ነው። ከዚያ ማጉያውን አገናኘሁ። የጋርቢስ ጄኔሬተር ከታች ያጓራል። የሬዲዮውን ኃይል ከታች አድርጌ ቁልፉን ተጫንኩ፤ ሪሌዋ «ጠቅ»፣ ማጉያው «ጓ!» አክስቴ፣ እንዴት ያለ ድምፅ ነው! ማጉያው ከአንቴናው ጋር እስኪስማማ ትንፋሽ ያህል ጠብቄ «ማርሴይ፣ ማርሴይ» አልኩ።

«ንሻን! የት ነበርክ?» አለኝ ሉሲየን። ጎረቤቴ ያህል ነበር የሰማሁት።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ልጽፈው አልችልም። ሄንሪክ ያነባል፣ እኔ ደግሜ እናገራለሁ፣ ሉሲየንም ሌሎችም ይጽፋሉ። ማክሩሂ ሻይ ታዞራለች። እናቴ ኮሪደሩ ላይ ተኝታ የሰማችውን ስም ሁሉ ትባርካለች። ትምህርት ቤቱ ፈቃድ ሰጠኝ። የጋርቢስ ሚስት ወንድም ስም በተነበበ ጊዜ ጋርቢስ ወጥቶ ጄኔሬተሩ አጠገብ ቆመ፤ ሲያለቅስ ድምፁ እንዳይሰማበት።

ስለ ሲራኑሽ ሉሲየን ሲነግረኝ ሄንሪክን ጠየቅሁት። «እዚህ ሲራኑሽ ብዙ ነው፣ ወንድሜ» አለኝ በድካም። ግን አልረሳትም። ከቀናት በኋላ ጠራኝና «ያቺ ሴትዮህ ከስኳር ፋብሪካው አጠገብ ድንኳን ውስጥ ናት፤ ክንዷ ተሰብሯል፣ ራሷ ደህና ነው፤ በዋና ከተማው በየሬቫን ያለችው ልጇም ደህና ናት» አለ። ባሏ አቬዲስ ግን ቤቱ ወድቆበት አርፏል። እሷ ከቤት ወጣ ብላ ነበር።

ከገና በኋላ ባለው እሁድ ጠዋት ሄንሪክ እሷን ያመጣታል። እርስዎ ከሉሲየን ቤት ይቀመጡ። ድምፅ ለድምፅ አትደማመጡም፤ መሃል ሆኜ እኔ እደግምላችኋለሁ።

ሰላም ያሰንብትልን።

ንሻን


ማርሴይ
ጃንዋሪ 10 ቀን 1989

ነፍሴ ንሻን፤

ክርስቶስ ተወለደ፣ ተገለጠም፤ ለእናንተም ለእኛም የምሥራች። እናትህን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ፤ አንተ ቅርብ ነህና እንደ ደብዳቤ አይደለም።

ሉሲየን ወጥ ቤቱ ውስጥ ወንበር አድርጎልኝ፣ ማይክሮፎኑን በእጄ አስያዘኝ። «ሲራኑሽ መጥታለች፤ ተራው የርስዎ ነው» አልከኝ። እኔ፣ የሬዲዮ ሠራተኛ ሚስት፣ ቁልፉን መጫን ረሳሁ። ሉሲየን እጄን በእጁ አድርጎ ቁልፉን አስጫነኝ። «ሲሮ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። አንተ ደገምክላት። እሷ ስትናገር ለእኔ የሚደርሰኝ አሸዋ ሲነፋ የመሰለ ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ ያንተ ድምፅ መጣ፦

«አክስቴ፣ ‹አራክሲ ከሆነች የእናታችንን የቤት ስም ትንገረኝ› ትላለች።»

«እኔ ካልሆንኩ ማን ሞኝ ነው እሁድ ጠዋት እዚህ የሚቀመጥላት በላት!»

«ቃል በቃል ልንገራት?»

«ቃል በቃል!»

አንተ እየሳቅህ ነገርካት። አሸዋው ተነፋ። «‹እሷው ናት› አለች» አልከኝ።

ከዚያ ስለ ክንዷ ጠየቅኳት። ሐኪሙ ከፈረንሳይ የመጣ ነው፣ ያገሩን ቋንቋ ስናገረው ደነገጠ አለች። መነጽሯ ተሰብሯል፤ መነጽር፣ የሱፍ ካልሲና መርፌ ላኪልኝ አለች። ሻይ አለን፣ ሻይ አትላኪ አለች። «ጃን» እያለች ነው የምታወራው፤ እዚያ ሰዎቹ እንደሚሉት፣ «ነፍሴ» ለማለት። «‹አራክሲ ጃን› ብላለች» ስትለኝ ሉሲየን ፊቴን አይቶ መስኮቱን ሊከፍት ተነሳ።

ስለ አቬዲስ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። «እግዚአብሔር ነፍሱን ያሳርፍለት፤ ጥሩ ሰው ነበር በላት» አልኩህ። አንተ ነገርካት። መልሷን ስጠብቅ ድምፅህም እየራቀ ሄደ፤ ሉሲየን ማዞሪያውን ቢያዞር ቢያዞር አልተመለሰም። ሰማዩ ተዘጋ፣ ሞገዱ አያልፍም አለኝ። ምን እንዳለች አላወቅሁም። ስለዚያ ስለ ድሮው ነገር እኔም አላነሳሁም፣ እሷም አላነሳችም።

ልጄ፣ አንተን እንዴት አድርጌ ላመስግን? ለጋርቢስም ንገረው፤ ማስደንገጫው የተነቀለበት ሱቅ በማርሴይ ቤተ ክርስቲያን ስሙ ተጠርቶለታል። መነጽሩን ገዝቻለሁ። መጠኑን በግምት ነው፤ እኔ ላይ የሆነ እሷም ላይ ይሆናል።

አክስትህ አራክሲ


ቡርጅ ሃሙድ
ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1989

ለተከበሩ አክስቴ፤

በረከትዎ ይድረሰን። ሁላችንም ደህና ነን፤ ዛፎቹ ሳያብቡ ሊያብቡ የፈለጉ ይመስላሉ። የሳሙናው ካርቶን በመጨረሻ ደረሰ! ሪሌው ሳሙና ሳሙና እያለ ነው የሚሠራው። የጋርቢስን መለስኩለት፤ ማስደንገጫው ተመልሶ ተሰቅሏል፣ የሰፈሩ ሌባም አክስቱን አግኝቷል። ሄንሪክ አሁን ሙሉ ሬዲዮ ጣቢያ ተሰጥቶታል፤ በእኔ በኩል የሚያልፈው ስም እየቀነሰ መጥቷል።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ወር ሙሉ አመነታሁ። የሰማሁት ለእኔ የተነገረ አልነበረምና። እናቴን ባማክራት «ለማን የተነገረ ነው?» አለችኝ። «ለማንም» አልኳት። «እንግዲያው ለሚገባው ሰው ጻፈው» አለች።

ያን እሁድ ለርስዎ ሰማዩ ሲዘጋ ለእኔ አልተዘጋም ነበር። ማርሴይ ጠፋች፤ ሌኒናካን ግን ትሰማኝ ነበር። «ጥሩ ሰው ነበር» ያሉትን ለሲራኑሽ ነገርኳት። ሄንሪክ ማይክሮፎኑን በደህናው እጇ አስይዟት ውሃ ሊያመጣላት ዞር ብሎ ነበር መሰለኝ። እሷ ቁልፉን ተጭና እንደያዘች መልቀቁን ረሳችው። አንድ ሰው ቁልፉን ይዞ ሳለ ማንም ሊያቋርጠው፣ ማንም ሊመልስለት አይችልም። «ይሰማል፣ ይሰማል» ብዬ ልነግራት አልቻልኩም። ቁጭ ብዬ ሰማኋት።

መጀመሪያ አለቀሰች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «አቬዲስ፣ ሰማህ? አራክሲ ናት። ጥሩ ሰው ነበር አለች። ‹አንድ ቀን ትለዋለች› ትለኝ አልነበረም? እኔ አትልም እልህ ነበር። አለች እኮ። ለአንተ ነው ያለችው። ትንሽ ብትቆይ በጆሮህ ትሰማው ነበር።» ከዚያ ቀስ ብላ «ባርኔጣህን አገኙልኝ፤ ደህና ነው፤ አቧራውን አራግፌዋለሁ» አለች። ከዚያ የሄንሪክ ድምፅ መጣ፦ «እትዬ፣ ቁልፉን ይልቀቁት እንጂ፣ ዓለም እየሰማዎት ነው።» «ይስማ» አለች።

እኔ ማይክሮፎኔን ይዤ ተራዬ ሲደርስ «ተቀብያለሁ» ብቻ ነው ያልኩት።

ባላወቁት ይሻላል ካሉ ይቅር ይበሉኝ።

ንሻን


ማርሴይ
ማርች 3 ቀን 1989

ልጄ ንሻን፤

ይቅር የምልህ ነገር የለም። እግዚአብሔር ጆሮህን ይባርከው።

ደብዳቤህን መስኮት ዳር ቁጭ ብዬ አነበብኩት፤ ከዚያ አጥፌ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ይዤው ዋልኩ። እውነቱን ልንገርህ። ጥሩ ሰው ነበር ያልኩት ለማጽናናት ብዬ ነው። አቬዲስን ያወቅሁት ጥቂት ወር ነው፤ ያንንም ስቆጣ ነው ያሳለፍኩት። ጥሩ ሰው መሆኑን አላውቅም ነበር። አሁን ግን ማወቅ እፈልጋለሁ። ምን ዓይነት ሰው እንደነበር፣ ምን ሲበላ ደስ እንደሚለው፣ ምን እንደሚያስቀው ከእሷ አፍ መስማት እፈልጋለሁ። አርባ ዓመት የሚያህል ወሬ አለ፤ በእሁድ ጠዋት ሬዲዮ አያልቅም።

ስለዚህ ልሄድ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ሐኪሞችና መድኃኒት በአውሮፕላን ይልካል፤ ከፋሲካ በኋላ ይነሳል። የሚላላክ ሰው ስንፈልግ ነበር ሲሉ «እኔስ?» አልኳቸው። ዕድሜዬን ጠየቁኝ። ዕድሜዬን ተዉትና ወንበር አሳዩኝ፣ ቁስል ማሰር እችላለሁ፣ ቋንቋቸውን እናገራለሁ፣ ሬዲዮም ቢበላሽባችሁ አገናኛለሁ አልኳቸው። ወንበር ሰጡኝ። መነጽሩን፣ ካልሲውንና መርፌውን ራሴ ይዤ እሄዳለሁ።

ልጄ፣ ሁሉን በአፍህ አድርሰህልኛል፤ ለዚህ ውለታህ መክፈያ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፦ ይህን በሬዲዮ አትንገራት። ሄንሪክንም አታስጠንቅቀው፤ ምስጢር መያዝ እንደማይችልበት ከሩቅ ታውቆኛል። በር ካላት በሯን አንኳኳለሁ። በር ከሌላት ደግሞ የድንኳን ሸራ እንዴት እንደሚንኳኳ አላውቅም፤ ስደርስ እማረዋለሁ።

አክስትህ
አራክሲ